ዘሩን በክፉ ዓመት መዝኑት

ይድረስ በግብርና ምርምር ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ልጆቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ በሙከራ ማሳና በከብት በረት መካከል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ቤቴ እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ማወቅ የሚፈልጉት በጤፍ፣ በማሽላ ወይስ በመኖ ላይ ቢሠሩ እንደሚሻል ነው። የትኛውንም ብትይዙ ደግ ነው። እኔ የማሳስባችሁ ሌላ ነገር አለ፤ ሥራችሁን በየትኛው ዓመት እንደምትመዝኑት። በጥጋብ ዓመት ዝርያ ሁሉ ያምራል። ገበሬው ዘሩን የሚወደውም የሚጥለውም በክፉ ዓመት ባሳየው ነው።

«ጎጃም ምን ድርቅ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ፣ የሸበል በረንታንና የእነብሴ ሳር ምድርን ቆላ በእግሩ የረገጠ ሰው እንዲህ አይልም። ደጋውና ወይና ደጋውም ቢሆን ዝናቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም በጋ ነው። ላሚቱ ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጠውን የምትኖረው ደረቅ አገር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ የደረቅ አካባቢ ምርምር የአፋርና የሶማሌ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ክፉ ዓመት የሚባለው ደግሞ ሁልጊዜ ዝናብ ድርግም ብሎ የጠፋበት አይደለም። ብዙ ጊዜ የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ ሲታይ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ዘግይቶ መግባቱ ወይም ቀድሞ መውጣቱ ላይ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተዘራ ጤፍ ገና ፍሬ ሳይቋጥር መስከረም ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ ጭዱ ይቆማል፣ እህሉ ግን ቀጭጮ ይቀራል። ከሩቅ ላየው ማሳው ያማረ ነው። ውድማ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው።

እንዲህ ያለ ዓመት የሙከራ ማሳ ላይ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ቁጥሩ ይዘበራረቃል። ያው ዝርያ ተደጋግሞ ከተዘራባቸው ቁራጭ ማሳዎች በአንዱ ጥሩ የሰጠ በሌላው ባዶ ይሆናል፤ የስሕተቱ መጠን ከሚፈቀደው በላይ ይወጣል፤ ሙከራው «አልተሳካም» ተብሎ ከስሌቱ ይወጣል። በየትም አገር የተለመደ አሠራር ነው፤ በስታቲስቲክስ በኩልም ምክንያት አለው። ገበሬው ግን ያንን ዓመት ከኑሮው ማውጣት አይችልም። ክፉው ዓመት እየተነቀሰ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አማካይ ምርት ስለ ዝርያው የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። የከሸፈውን ዓመት መዝገብ አትጣሉት። ለብቻው አስቀምጡት። የተዘራበትን ቀን፣ ዝናቡ የቆመበትን ቀን፣ በዚያን ቀን እያንዳንዱ ዝርያ አበባ ላይ ይሁን እሸት ላይ ጻፉ። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያ የተጠሉ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ዝርያ በጭንቅ ቀን እንደሚቆም ይናገራሉ።

ሰብል ከድርቅ ጋር የሚኖርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ማምለጥ ነው፣ ሌላው መቋቋም። ለማምለጥ ቶሎ መድረስ ያስፈልጋል። ከጤፍ ዝርያዎች ጸደይና ቦሰት የሚመረጡት ለዚህ ነው። እነዚህ ዝርያዎች እንዲገኙ ግን አስቀድሞ ጤፍን ማዳቀል መቻል ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። የጤፍ አበባ ከማነሱ የተነሳ በዓይን ለይቶ መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ራሱን በራሱ ስለሚያራባም በር የሚከፍትበት ሰዓት አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን ደረሱበት። ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ በአጉሊ መነጽር ሥር በቀጭን ወረንጦ ሦስቱ የወንዴ ዘር ከረጢቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ በማግስቱ ማለዳ የአባቱ ብናኝ በሴቴው ላይ ይራገፋል። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የዕለቱ ሥራ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና ጎጃም ውስጥ ገበሬው በስሙ ጠርቶ የሚገዛው ቁንጮ ጤፍም የማኛ ጤፍን ንጣትና ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት አንድ ላይ ይዞ የመጣው በዚህ ትዕግሥት ነው። አርፍዳችሁ የምትነሡ ከሆነ የጤፍ ማዳቀል አይሆንላችሁም፤ ይህን ገና ከአሁኑ እወቁት።

መቋቋምን ያስተማረን ማሽላ ነው። አንዳንድ ማሽላ ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይደርቃል፣ አገዳውም ባዶ ሆኖ ይወድቃል። ሌላው ግን ፍሬውን እየሞላ ቅጠሉን አረንጓዴ እንዳደረገ ይቆያል። አሜሪካና አውስትራሊያ ያሉ አዳቃዮች ለዚህ ጠባይ አብዝተው የተጠቀሙበት ቢ35 የሚባለው መስመር (ለማዳቀያ የሚያገለግል ንጹሕ ዘር) የዘር ግንዱ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ማሽላ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚኮሩ ወጣቶች አሉ፤ መኩራቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከኩራቱ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያሳስበኛል። ያንን ማሽላ በዚያ ጠባዩ ጠብቀው ለእኛ ያደረሱት ገበሬዎች ነበሩ፤ እኛስ ዛሬ በደጃችን ካለው ማሽላ ምን ያህሉን አይተነዋል? ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሽላ ሌላም ጥቅም አለው፤ አገዳው ለከብት ይጥማል፣ ያጠግባልም።

አቀንጭራ የምትባለውን ጥገኛ አረምም ሳላነሳ አላልፍም። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ተደብቃ ትቆያለች፤ እንደ ማሽላ ያለ ሰብል ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሳት ብቻ ትነቃለች። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቃ ውሃውንና ምግቡን ትመጠዋለች። ከመሬት ብቅ ስትል ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ያንን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚለቁ ማሽላዎችን መርጠው ድርቅን ከሚቋቋሙት ጋር አዳቅለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ድርቅ፣ የደከመ አፈርና አቀንጭራ አብረው የሚሄዱ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማከም እንደማይበቃ የእሳቸው ሥራ በግልጽ ያሳያል።

አሁን ወደ ከብቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ብዙ የሰብል ሰው የሚስተው ይህንን ነው።

ግንቦት ላይ አንድ የገበሬ ግቢ ግቡ። የጭድ ክምሩ ከሥሩ እየተመዘዘ ተበልቶ አናቱ ብቻ ቀርቷል። በሬው ዳሌው ወጥቷል። እርሻ የሚጀመረው ደግሞ ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ የደከመ በሬ ቀኑን ሙሉ አይጎትትም፤ እርሻው ይዘገያል፤ እርሻው ሲዘገይ ዘሩ ይዘገያል፤ ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ የሚጎዳው ደግሞ ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ነው። በመስከረም ያየነው የቀጨጨ ፍሬ መነሻው በሚያዝያ የተራበ በሬ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቢሮ የሰብል ክፍል፣ የመኖ ክፍል፣ የእንስሳት ክፍል ተብሎ በር ተለያይቶ ይሠራል። ገበሬው ግቢ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አንድ ነው።

በበጋ ከብት የሚከሳው ደግሞ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ ቃጫውን የሚፈጩላት ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ እነሱም ለራሳቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። መኖው ውስጥ ያለው ድፍድፍ ፕሮቲን (በጥቅሉ ያለው ፕሮቲን) ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ እነሱ ይደክማሉ፣ ገለባው ሳይፈጭ ጨጓራዋ ውስጥ ይከርማል፣ ላሚቱም ሌላ መብላት አትችልም። የአብዛኛው የእህል ገለባ ፕሮቲን ከዚህ በታች ነው። ሆዷ ሞልቶ አጥንቷ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ለዚህ የታወቀ መላ አለ፤ 4 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ 100 ኪሎ ገለባ ላይ እኩል አርከፍክፎ፣ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ሸፍኖ ለ21 ቀን ማቆየት፣ ከዚያም ሽታው እስኪወጣ አናፍሶ መስጠት። ሣይንሱ አስተማማኝ ነው። ገበሬው ግን ዩሪያ ሲወደድበት ለማሳው ወይስ ለገለባው እንደሚያውለው ማሰብ ይገደዳል። ይህን ስሌት ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳትሠሩ ምክር አትስጡ።

ከዚያ በፊት ግን ርካሹን ነገር ሞክሩ፤ ድርቆሹን በጊዜው ማጨድ። ሳሩ ዘሩን ጥሎ ቢጫ ከሆነ በኋላ የታጨደ ድርቆሽ ከገለባ እምብዛም አይሻልም። አበባ ላይ ሳለ ቢታጨድ ፕሮቲኑ ይተርፋል። ያን ጊዜ ግን ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ስላልወጣ ሳሩ እንዳይሻግት ያስፈራል፤ ሰዉም በአረም ተጠምዷል። ገበሬው የሚያዘገየው ባለማወቅ አይደለም። ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ እንዴት በእነዚያ ጥቂት ፀሐያማ ቀናት በፍጥነት ማድረቅ ይቻላል የሚል ነው፤ አንዳችሁ ብትይዙት ደስ ይለኛል። በእርከን ላይ የሚተከለው ደሾ ሳርና በየመስኩ በክረምት የሚበቅለው ማገጥም አሉ። ማገጥ የራሳችን ሆኖ ሳለ እንደ ውጭ መኖ ዘር የሚፈለግ ባለመሆኑ አዝናለሁ።

ግብጦ የሚባለውን ጥራጥሬ ደግሞ ጎጃም ውስጥ የማያውቀው የለም። አፈሩ በተጎዳ፣ ሌላ ሰብል እንቢ ባለበት ማሳ ይዘራል፤ ሥሩ ናይትሮጅን ያበጃል፣ አሲድ ለቅቆም በአፈሩ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። መራራ ስለሆነ እናቶች ቆልተው በውሃ ለቀናት ይዘፈዝፉታል። የዚህ ተክል የሥጋ ዘመድ የሆነው ሰማያዊው ሉፒን በምዕራብ አውስትራሊያ ያደረገውን ብታውቁ ትደነቃላችሁ። ጆን ግላድስቶንስ የሚባሉ ተመራማሪ ፍሬው ቶሎ የማይረግፍና የማይመር ዝርያ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ1967 ዩኒዋይት የተባለውን አወጡ። በዚያ አሸዋማ ደካማ መሬት ሉፒን ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ ተዘራ፤ በደረቁ ወቅት በጎች የረገፈውን ፍሬ እየለቀሙ ሰቡ። በእኛም በኩል አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉ የማይመሩ ሰማያዊ ሉፒኖችን ፈትሾ አስመዝግቧል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ምሬቱ የግብጦ አጥር ነው። ከብትም አውሬም የማይነካው በመራራነቱ ነው። አጥር የሌለው ገበሬ የማይመረውን ዝርያ ሲዘራ ማን ይጠብቅለታል? ዝርያ ስታቀርቡ የዚህን መልስ አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ከብት ዝርያ ባጭሩ ልናገር። ዋሸራ በግና ፎገራ ላም ለዚህ ምድር የተሠሩ ናቸው። የተዳቀለች ላም በክረምት የምትሰጠው ወተት ሰውን ያማልላል፤ የእናንተ መዝገብ ግን በሚያዝያ ምን እንደሰጠች፣ በስንት ዓመቷ መልሳ እንደፀነሰች፣ በበሽታ ጊዜ እንደተረፈች ወይም እንዳልተረፈች መያዝ አለበት። ከተማ ዳር ሆኖ ፉርሽካ ለሚገዛ ሰው የተዳቀለችው ትሻላለች፤ ይህን አልክድም። በርቀት ቀበሌ ላለው ግን ያለ ፎገራ ዘር እንዳይቀር እፈራለሁ።

የመጨረሻው ነገር ስለ ዘር ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን የዘር ባንክ ሲያደራጁ፣ በዚያ ክፉ ድርቅ ወቅት የአገር ዘር ተበልቶ እንዳያልቅ ከገበሬው እየተቀበሉ አድነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም ለዚህ ነው። የደረቅ አካባቢዎችን ግብርና የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ተቋም ኢካርዳም ጦርነት ከሶርያ ሲያፈናቅለው ሥራውን መልሶ የጀመረው በኖርዌይ ስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አስቀምጦት ከነበረው ዘር እ.ኤ.አ. በ2015 ወስዶ ነው። ምርምርም የራሱ ክፉ ዓመት አለው።

ስለዚህ በያዝነው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ገና ሳይታጨድ፣ ወደ ደጀንና ሸበል በረንታ ቆላ ውረዱ። ሽማግሌዎቹንና በተለይ ዘር የሚመርጡትን እናቶች ጠይቁ፤ የትኛውን ራስ ለዘር ለይተው እንደሚሰቅሉ፣ ለምን እንደሚለዩት፣ ዝናቡ ቀድሞ በወጣበት ዓመት የትኛው እንዳበላቸው። ከየራሱ ጥቂት ፍሬ በወረቀት ከረጢት ያዙ። ከረጢቱ ላይ ሰፈሩ የሚጠራበትን ስም፣ የሰጠውን ሰው ቀበሌ፣ የመሬቱን ከፍታና አፈሩን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል። አንዱን እጅ ለዘር ባንክ ስጡ፤ ሌላውን በመጪው ክረምት እዚያው ቆላ ላይ፣ ባለቤቱ ማሳ አጠገብ ዝሩት።