ስለ ግል የአፈር ግድብ ከጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የግል ኩሬና አነስተኛ የአፈር ግድብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከግድብ በታች የሚኖሩም ጽፈውልኛል። ደጋግመው የመጡትን መርጬ ልመልስ።

«ግድቤ 6 ሜትር ብትሆን ነው። በራሴ መሬት፣ በራሴ ገንዘብ የሠራኋት ናት። ተቆጣጣሪ ምን አገባው?»

መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ልክ ነዎት። ግድቡ የተሰበረ ቀን ግን ውሃው አጥርዎ ጋ ሲደርስ አይቆምም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 25,000 ሜትር ኩብ የያዘች ኩሬ ማለት 25,000 ቶን ቁልቁል ሊወርድ የተዘጋጀ ነገር ማለት ነው። እንግሊዝ ከመሬት በላይ ከዚህ መጠን የበለጠ ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ሁሉ እንዲመዘገብ የምታስገድደው ለዚህ ነው፤ ዌልስማ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 10,000 አውርዳዋለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ ውሃው ከ50,000 ሜትር ኩብ የሚበልጠውን ትቆጣጠራለች። ኬንያ ውስጥ ሶላይ በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በከባድ ዝናብ ወቅት አንድ የግል እርሻ ግድብ በምሽት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ያንን ካየሁ ወዲህ «የግል ጉዳዬ ነው» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም።

«ተቆጣጣሪው 'ከፍተኛ አደጋ' ብሎ መደበብኝ። ግድቡ ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም! ይግባኝ ልበል?»

ቆይ፣ አይቸኩሉ። ይህ ምደባ የግድቡን ጤንነት አይናገርም። የሚለው፣ ቢሰበር ከታች ሰው ይሞታል ነው። እንደ አዲስ የተሠራ ጠንካራ ግድብም ከሥሩ መንደር ካለ እዚያው መደብ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ነገሩ ባለበት አይቀመጥም። እርስዎ አንድ ድንጋይ ሳያነሱ ከታች አዳዲስ ቤቶች ከተሠሩ መደቡ ከፍ ይላል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን በተቃራኒው፣ በወረቀት ላይ ዝቅተኛ ተብሎ የተረሳው ግድብ ነው። ሃዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ተሰብሮ 7 ሰው የገደለው የካ ሎኮ ግድብ የተመዘገበው «ዝቅተኛ አደጋ» ተብሎ ነበር።

«ዓሦቼ በማስተንፈሻው እያመለጡ አስቸገሩኝ። ወንፊት ብገጥምበት ችግር አለው?»

አለው! እባክዎ አይግጠሙ። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስበት አይችልም። ውሃው መጀመሪያ የታችኛውን ተዳፋት ይቦረቡራል፣ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ ወደ ላይ እየተበላ አናቱ ጋ ሲደርስ ያበቃለታል። ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ በግድቡ አናት ላይ ሳይፈስ የሚወጣበት መንገድ፣ የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነው፤ ወንፊት ደግሞ ጎርፍ በመጣ ቀን ቅጠሉን፣ ጭራሮውን፣ ግንዱን ሁሉ ይዞ ይደፈናል። አሜሪካ፣ ጆንስታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1889 የሆነውን ያስቡት። የአንድ የሀብታሞች ክለብ ንብረት የነበረው ግድብ ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ ወንፊት ተገጥሞበታል፤ አናቱ ሠረገላ እንዲያልፍበት ዝቅ ተደርጓል፤ ከሥር ውሃ የሚያስወጡት የብረት ቱቦዎች ከዚያ በፊት ወልቀው ተሸጠዋል፣ የተካቸውም የለም። ከባድ ዝናብ መጣ። 2,209 ሰው አለቀ። የካ ሎኮ ማስተንፈሻም በአፈር ተደፍኖ ነበር። መቶ ዓመት አልፎ ያው ስህተት መደገሙ በጣም ያንገበግበኛል። ዓሦቹን በተመለከተ ሌላ መላ አለ፣ ግን ማስተንፈሻውን ከመንካትዎ በፊት መሐንዲስ ያማክሩ።

«ግርጌው ላይ ትንሽ ርጥበት አየሁ። ልደንግጥ?»

ወዲያው አይደንግጡ። ውሃ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። ማየት ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፤ የሚወጣው ውሃ ጥራቱና መጠኑ። ጥርት ያለ ከሆነ በባልዲ ይቀበሉት፣ ባልዲው ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፣ የኩሬውን ከፍታና ቀኑን አብረው ደብተር ላይ ያስፍሩ። በየሳምንቱ ይድገሙት። የኩሬው ውሃ ሳይጨምር የሚወጣው ከጨመረ መሐንዲስ ይጥሩ።

ውሃው ከደፈረሰ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ድፍርሱ የግድቡ የራሱ አፈር ነው። ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ እየተከፈተ ነው ማለት ነው፣ ግድቡ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊሰበር ይችላል። መጀመሪያ ከታች ላሉት ሰዎች ይደውሉ። ከዚያ ለባለሥልጣኑ፣ ለመሐንዲሱ፤ ውሃውንም ማስቀነስ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ደንግጦ መውጫውን በሸክላ አፈር ይደፍነዋል። ይህን አያድርጉ፤ የታፈነው ውሃ በሌላ በኩል ፈንቅሎ ይወጣል። አደጋ ሳይኖረው መጠጋት ከተቻለ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር መቆለል ይሻላል፣ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ያስቀራልና።

«ተዳፋቱ ላይ ዛፍ ብተክል አፈሩን አይዝልኝም?»

ሣር ይትከሉ። የዛፍ ሥር ሲሞት ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይተዋል፤ ነፋስ ከነሥሩ ሲገነድሰው ደግሞ የግድቡን አካል ይዞ ይወድቃል። ያደገ ዛፍ ካለ ግን ዝም ብለው ከነሥሩ አይንቀሉት። ያም በባለሙያ ነው።

«የምኖረው ከአንድ ሰውዬ ግድብ በታች ነው። መጠየቅ መብቴ ነው? ምን ልበል?»

መብትዎ ነው። በቁጣ አይሂዱ እንጂ ይሂዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መሐንዲስ መጨረሻ ያየው መቼ ነው፣ የታችኛው ማውጫ ቫልቭ (ውሃውን ከግድቡ ሥር የሚለቀው መክፈቻ) ይሠራል ወይ፣ በሌሊት ችግር ቢፈጠር እኔን የሚቀሰቅሰኝ ማነው? ብዙ ባለቤቶች ሁለተኛው ላይ ይንተባተባሉ፤ ቫልቩ ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ተጣብቋል። ባለቤቱ አልመልስ ካለ የግድብ ደህንነት ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ኮፒውን ያስቀሩ። የስልክ ቁጥርዎንም ለግድቡ ጠባቂ ይስጡት።

«ለጥገና ብዬ ኩሬውን በአንድ ቀን ባጎድለውስ?»

አይሆንም። ውሃው በፍጥነት ሲወርድ በውሃው በኩል ያለው ተዳፋት ገና ውሃ እንደጠገበ ደጋፊ ያጣና ሊንሸራተት ይችላል። በቀን ስንት ሴንቲሜትር እንደሚቀንሱ ለእርስዎ አፈር የሚወስንልዎ መሐንዲስ ነው፣ ቁጥሩን በጽሑፍ ይቀበሉት።