ጎንደር ትሮፒካል ናት? (ለጤና ተማሪዎች)

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ የእናንተን ጽሑፍ ማንበብ ሆኗል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ "ጋሼ እስቲ እንግሊዝኛውን እዩልኝ" ትሉኛላችሁ፣ እኔም ደስ እያለኝ አያለሁ። ታዲያ መግቢያው ላይ የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። "ጎንደር ትሮፒካል የአየር ንብረት ያላት ሞቃታማ ከተማ ናት።" ይህንን ደግሞ በሐምሌ፣ ጋቢ ደርባችሁ እየጻፋችሁት!

ትሮፒካል የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክ ነው፣ መዞርን ነው የሚናገረው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ሄዳ ሄዳ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትዞራለች፣ ወደ ደቡብም እንዲሁ። በሁለቱ መዞሪያዎች መካከል ያለ አገር ሁሉ ትሮፒካል ይባላል፣ ፀሐይም በዓመት ሁለቴ በአናቱ ታልፋለች። ኢትዮጵያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚያ ውስጥ ናት። ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሆነች በእኛ አናት የምታልፈው ሚያዝያ አጋማሽ ላይና ነሐሴ 13 ገደማ ነው። አዎ፣ ቡሄ ሰሞን! ልጆቹ በጭቃው ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ ደመናው ከልሏት ነው እንጂ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ከላያቸው ናት። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን፣ በረዶ የሚጥልበት ተራራ፣ እሱም ትሮፒካል ነው። ስለዚህ በካርታ ከሆነ አልተሳሳታችሁም። "ሞቃታማ" የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት ነው የማይገባኝ።

የአየር ንብረት ሰዎች ሌላ መለኪያ አላቸው። በኮፐን አመዳደብ ትሮፒካል ለመባል በጣም ቀዝቃዛው ወር እንኳ በአማካይ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረድ የለበትም። በዚህ ሲለካ መተማ ያለ ጥያቄ ይገባል፣ ደባርቅ ይወጣል፣ ጎንደር ደግሞ ድንበሩ አካባቢ ናት፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የሜትሮሎጂ መረጃ ተመልከቱ። ለነገሩ ጎንደርና መተማ በኬክሮስ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ የሚያያቸው ፀሐይ አንድ ነው። ልዩነቱ ከፍታው ነው። እኛ 2,100 ሜትር አካባቢ ነን፣ መተማ ከ800 ሜትር በታች ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። አያቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ለዚህ ነው፣ ክፍፍሉም ከእንግሊዝኛው ቅጽል ይልቅ ለሥራችሁ ይጠቅማችኋል።

ለሥራችሁ ያልኩት በምክንያት ነው። "ትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች" የሚለውን ስትሰሙ ሐሳባችሁ ቀጥታ ወደ በረሃ ይሮጣል፣ አውቃለሁ። እስቲ ዝሆኔን ውሰዱ። አገራችን ውስጥ በብዛት የምታዩት አንዱ ዓይነት ትልም የለበትም፣ ትንኝም የለችበትም። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት ሲያርስ የኖረ ገበሬን ነው የሚይዘው። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ስሙ ሐሩራማ፣ በሽተኛው ግን ብርድ አገር የሚኖር ሰው።

ካላዛር ደግሞ የቆላ ነው፣ ግን ደገኛውን ይዞ ይመጣል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ የወረደ ወጣት ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ተኝቶ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ከወራት በኋላ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ይዞ፣ ከስቶ፣ ጣፊያው አብጦ እናንተ ጋ ይመጣል። ካርዱ ላይ የተጻፈው የመኖሪያ ቀበሌው ነው። ወርዶ እንደነበር እናንተ ካልጠየቃችሁት እሱ ከራሱ አንስቶ ላይነግራችሁ ይችላል፤ የወሰደውን ሥራ ከሕመሙ ጋር የሚያገናኝበት ምክንያት የለውማ። ስለዚህ "የት ነው የምትኖረው?" ብላችሁ አትቁሙ። ባለፈው ዓመት የት የት ሠራህ፣ የት አደርክ ብላችሁ ጠይቁት።

ተቃራኒውም አለ። ወባ ቆላ ነው የሚባለው ነገር በ1958 እ.ኤ.አ. ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። ዝናቡ ከልክ አለፈ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ጨመረ፣ በሽታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ያሉ አገሮችን አዳረሰ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ነው የተገመተው። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ሕዝብ ከወባ ጋር አብሮ ስላልኖረ ሰውነቱ የመከላከል አቅም አልነበረውም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን የምነግራችሁ "ደጋ ነው፣ አይደርስም" የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ እጃችሁ ትንሽ እንዲከብድ ነው።

በጽሑፋችሁ ላይ ሙቀት መናገር ስትፈልጉ በዲግሪ ተናገሩ፣ ከፍታውንም በሜትር ጨምሩበት፣ አንባቢው የቀረውን ራሱ ይረዳዋል። ቅጽል ካማራችሁ ግን ቦታውን እወቁለት። ቶሪድ የሚባለው የሚያነድ፣ የሚያደርቅ ሐሩር ነው፤ ለዳሎል ይሆናል፣ ለጎንደር አይሆንም። አርስቶትልን ጨምሮ የጥንት ግሪኮች የምድርን መካከለኛ ቀበቶ እንዲህ ብለው፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሰው አይኖርበትም ብለው ነበር (እኛ የት እንደነበርን እነሱን መጠየቅ ነው)። የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ተከላካዩ "ቶሪድ" ከሰዓት አሳለፈ የሚል ካነበባችሁ ደግሞ አየሩ ሞቆ አይደለም፣ አጥቂው ሲጫወትበት ውሎ ነው።

ሰልትሪ ወበቅ ነው፣ ከዝናብ በፊት የሚያፍነው ዓይነት። ለአየር ብቻ ተጠቀሙበት። ለሴት ሲባል ትርጉሙ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳልና፣ ለጉባኤው ሰብሳቢ ለፕሮፌሰሯ በምትጽፉት ኢሜይል ውስጥ አደራ፣ እንዳትከቱት።