ሐይቅ ዳር ቆሞ «ስንት ያዛችሁ?» ስለሚለው ሰውዬ

እዚህ ሚኒሶታ ሜይ ላይ ዎልአይ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት ወቅት ከተከፈተ ወዲህ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አንድ ሰው ነው። ክሊፕቦርድ ይዞ ጀልባ ማውጫው ጋ ቆሞ ስለሚጠይቀን ሰውዬ። ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ከወንድሜ ጋር ስናጠምድ አንድ ሰው መጥቶ ስንት ሰዓት እንደቆየንና ምን ዓይነት ዓሣ እንደፈለግን ጠየቀን። ባልዲ ውስጥ ያሉትንም አንድ በአንድ ለካቸው። ፖሊስ ነው እንዴ? መመለስስ ግዴታ ነው?» (ከሴንት ፖል)

ፖሊስ አይደለም። የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የቀጠረው ቆጣሪ ነው። ሥራው ክሪል ሰርቬይ ይባላል። ክሪል ማለት የድሮ አጥማጆች ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የዓሣ ቅርጫት ነው፤ እኛ «የቅርጫት ቆጠራ» ብንለው ያስኬዳል። ሰውዬው ቅጣት አይጽፍም፤ የመኖሪያ ወረቀትም አይጠይቅም። አልመልስም ማለትም ይችላሉ። ዩኒፎርም ለብሶ ሽጉጥ የታጠቀው ሌላ ነው፤ እሱ ሕግ አስከባሪ ነው። የማጥመጃ ፈቃድዎን (ላይሰንስ) አሳየኝ ካለ ያሳዩት። ሁለቱን ስለምናምታታ ቆጣሪውን ገና ከሩቅ ስናይ ዘንግ ጠቅልለን ወደ መኪና የምንሮጥ አለን። አንዴማ እኔም ሮጫለሁ።

«ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጬ አንድም አልያዝኩም። ‹ምንም› ማለት ስላፈርኩ ዝም ብዬ አለፍኩት። የእኔ ባዶ እጅ ምን ይጠቅማቸዋል?» (ከብሩክሊን ፓርክ)

ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። አሥር ሰዎች ሦስት ሦስት ሰዓት አጠመዱ እንበል። ሁለቱ ሦስት ሦስት ዓሣ ያዙ፤ ስምንቱ ምንም። በ30 ሰዓት 6 ዓሣ፣ ማለትም በሰዓት 0.2 ነው። አሁን ስምንቱ እንደ እርስዎ አፍረው ሄዱ። የቀሩት ሁለቱ በ6 ሰዓት 6 ዓሣ ይዘዋል፤ በሰዓት አንድ መሆኑ ነው። ሐይቁ በእናንተ እፍረት ብቻ አምስት እጥፍ ዓሣ ያለበት መሰለ ማለት ነው።

«እኔን አንዴ ጠየቁኝ። ጎረቤቴን ግን አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም። በዚህ ነው የሐይቁን ሁሉ የሚያውቁት?»

ጤፍ ገዝተው ያውቃሉ? ብልጥ ገዢ የጆንያውን አፍ አይቶ አይፈርድም፤ እጁን እስከ ክርኑ ይከታል። ቆጣሪዎቹም ወደ ሐይቁ የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት በዕጣ ይለያሉ፤ የሥራ ቀኑን ለብቻ፣ ቅዳሜና እሑዱን ለብቻ። በዕጣ በወጣው ሰዓት ውሃው ላይ ያለውን ጀልባ ይቆጥራሉ። ከዚህ ተነሥቶ አጥማጁ ሁሉ በወቅቱ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንዳጠመደ ይገመታል። ያ በሰዓት ከሚያዘው ጋር ሲባዛ የተያዘው ዓሣ ብዛት ይወጣል። ግምት ነው፤ ስሕተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችልም አብሮ ይሰላል።

«የያዝኩትን ዎልአይ ወዲያው መልሼ ለቀቅኩት። ያልበላሁትን ዓሣ ለምን ይጠይቁኛል?» (ከሚኒያፖሊስ)

የተለቀቀ ሁሉ ስለማይተርፍ ነው። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ውሃው በሞቀበት ወቅት፣ እየዋኘ ሄዶ በኋላ የሚሞት አለ። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባላል፤ መልቀቅም እንደዚያው ነው።

ይህ ጉዳይ ሚላክስ ሐይቅ ላይ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ያለው ሰፊው ሐይቅ ነው፣ 132,000 ኤከር። ዓሣውን ክፍለ ግዛቱና የኦጂብዌ ነገዶች በጋራ ያስተዳድሩታል። የነገዶቹ መብት ከ1837ቱ ውል የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አጽንቶላቸዋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዎልአዩ እየሳሳ ሲሄድ ለ2015 ክፍለ ግዛቱ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ድርሻ 28,600 ፓውንድ ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ጥያቄ የሚመጣው። ከድርሻው የሚቀነሰው ወደ ቤት የተወሰደው ብቻ አልነበረም፤ ከተለቀቀ በኋላ ይሞታል ተብሎ የተገመተውም ይቀነሳል። ጁላይ ላይ የቆጠራው ግምት ድርሻው ማለቁን አሳየ። ኦገስት 3 ዎልአይ ማጥመድ ተዘጋ። ወቅቱን ጠብቀው እንግዳ የሚያሳድሩ የሐይቅ ዳር ሰዎች ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ተናደዱ። አልፈርድባቸውም። በዓመቱም ማጥመዱ ሲከፈት ይዞ መልቀቅ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ «ሁለት ይዤ አምስት ለቀቅኩ» ካሉ ሰባቱንም ይንገሩት።

«ጓደኛዬ ‹ብዙ ያዝን ካልን የሚፈቀደውን ቁጥር ይቀንሱብናል፤ ምንም አልያዝንም በል› ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ጓደኛዎ ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው። ሁሉም ሰው «ምንም» ካለ «ዓሣው አልቋል» ተብሎ ነው የሚነበበው። ዓሣ ያለቀበት ሐይቅ ላይ ደግሞ ደንብ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ባለሙያዎቹም በእኛ ወሬ ብቻ አይተማመኑም፤ ራሳቸው መረብ ጥለው ያወጣሉ። ጉረኛውም ከዋሾው አይሻልም። ትንሿ ዓሣ ቤት እስክንደርስ ክንድ ታክላለች አይደል? ሰውዬው መለኪያ ሰሌዳ ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው።

«ስላለፈው ዓመት የሚጠይቅ ቅጽ በፖስታ መጣልኝ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ አላጠመድኩም። ልጣለው?»

አይጣሉት። «አላጠመድኩም» ብለው ይላኩት። አዘውታሪው ብቻ ከመለሰ አገሩ ሁሉ ሐይቅ ላይ የሚውል ይመስላል። ያጠመዳችሁ ደግሞ «አሥር ጊዜ»፣ «ሃያ ጊዜ» እያላችሁ በደፈናው አትጻፉ፤ ካላንደራችሁን እዩት።

«አገር ቤትስ እንዲህ ያለ ቆጠራ አለ?» (ከቨርጂኒያ)

እዚያ ነገሩ ይለያል። አብዛኛው ዓሣ ለገበያ በመረብ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የሚመቸው ቦታ ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ዳርቻ ነው፤ ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይመዘናል። በጾም ወቅት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ በዚያ ሰሞን ብቻ የተቆጠረ ለዓመቱ አይሆንም። በሲባጎና በመንጠቆ ሁለት ቆሮሶ ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄደው ልጅ ግን በዚያ ዳርቻ አያልፍም።