የሰው ሀብት ክፍል ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ ምን ይዞ ይግባ?

ጠያቂው፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሰው ሀብት ክፍላቸው «ስትራቴጂክ» (በድርጅቱ ዋና ዋና ውሳኔዎች ላይ ድርሻ ያለው) እንዲሆን ማዘዙን፣ የዕለት ሥራቸው ግን የሰዓት ፊርማ፣ የዕረፍት ፈቃድና ደብዳቤ መሆኑን ገልጸው፣ ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ ባለ አንድ ማምረቻ ድርጅት በዚሁ ሙያ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከዚያው ከፊርማው መዝገብ ይጀምሩ እላለሁ።

እኛ ዘንድ በየወሩ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ሰው ይቀጠራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። የምርት ክፍሉ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይል ነበር፤ እኛም ክፍት ቦታ ከመሙላት በቀር የምንናገረው አልነበረንም። በኋላ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር የለቀቁትን ሰዎች ፋይል አውጥተን የተቀጠሩበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ ፈረቃቸውንና ሰፈራቸውን በአንድ ሰንጠረዥ ስናሰፍር፣ አብዛኞቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሳያልቅ፣ ያውም የማታ ፈረቃ በጀመሩ ሰሞን የሄዱ ሆነው ተገኙ። የመልቀቂያ ቅጹ ላይ ሁሉም «በግል ጉዳይ» ብለው ነበር፤ ቅጹ በአማርኛ ብቻ መሆኑም ሳይጎዳን አልቀረም። ባልደረባዬ ጥቂቶቹን በኦሮምኛ ስታነጋግራቸው ግን ሰርቪሱ ከዚራ ሰፈር ላይ ስለሚያበቃ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ አካባቢ የሚኖሩት በውድቅት ሌሊት ለባጃጅ ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ፣ ካልሆነም በእግር እንደሚሄዱ ነገሯት።

ይህን እንደ አቤቱታ ብናቀርበው ኖሮ ሰሚ የምናገኝ አይመስለኝም። የጎደለውን ሰው ለመሸፈን የምንከፍለውን የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ግን አብረን አያያዝነው፤ አዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ቀን ላይ የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 1.75 እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ድምሩ ሰርቪሱ መጋላ ድረስ እንዲዘልቅ ከሚያስፈልገው ነዳጅ በልጦ ተገኘ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ የሳበው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከሌላ ድርጅት የተቀዳ ባለ ብዙ ገጽ ዕቅድ ለማዘጋጀት አይድከሙ። ይልቅስ ድርጅቱ አዲስ የማምረቻ መስመር ለመትከል ሲያስብ፣ ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት «ማን ያንቀሳቅሰዋል? እስኪሠለጥንስ ስንት ወር ይፈጃል?» ብሎ የመጠየቅ ድርሻ የእርስዎ ክፍል መሆኑን ያስፈቅዱ። በተለይ ነጻ የንግድ ቀጠናው በ2014 እዚሁ ከተማችን ከተከፈተ ወዲህ፣ ልምድ ያለውን ባለሙያ የሚፈልገው የእርስዎ ድርጅት ብቻ አይደለም።

ሰርቪሱ ከተራዘመ በኋላ በሙከራ ጊዜ የሚለቀው ሰው ቀንሶልናል። መካኒኮቹ ግን አሁንም ይሄዳሉ፤ የእነሱ ጉዳይ በእርግጥም ደመወዝ ነው።