በጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ያለውን የእናትህን የጭቃ ቤት ልታድስ አስበህ፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን ሴራሚክ ላልብሰው ወይ ብለሃል። መታጠቢያውን በጭቃው ላይ እንዳትሞክረው። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሴራሚኩም አብሮ ይወርዳል። እኔ ሽቦ አስመትቼ በሲሚንቶ አስለስኜው ነበር፤ ሁለት ክረምት አልቆየም። ይልቅ ከቤቱ ጎን በብሎኬት ትንሽ ክፍል አሠራ። ወለሉ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባ፤ ግንበኛው «ምን ያደርግልሃል» ቢልህ አትስማው። ለወለሉ የሚያብረቀርቀውን አትግዛ፣ እናትህ ይንሸራተታሉ።

ወጥ ቤቱ ሊሾ ወለልና የሚታጠብ ቀለም ይበቃዋል። ካቢኔት ከማብዛት ከምጣዱ በላይ እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት ክፈት። የሲንኩን ከፍታም እናትህን አቁመህ ለካ፤ አናጺው በራሱ ቁመት ነው የሚሠራው።

ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የኅዳርን ውርጭ ታውቀዋለህ። ቦይለር እዚያ ቅንጦት አይደለም። ግን እሱም ምጣዱም የየራሳቸው የመብራት መስመር ይኑራቸው፤ ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል።