ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሙዚቃ ማጫወቻ ስለ መምረጥ፦ ከመሐል ሜዳ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከመሐል ሜዳ የላኩት ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ራሴን ያስጨነቅኩበት ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መልሴ ቢረዝም እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ጥያቄውን ላላነበቡ አባላት ባጭሩ ልድገመው። ወንድማችን 4 ጊጋ ባይት ራም ያለውና ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ አላቸው፤ ከአባታቸው ካሴቶች የተገለበጡና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞሩ የተሰበሰቡ ወደ 5000 የሚጠጉ ዘፈኖችና መዝሙሮች አሏቸው፤ የብዙዎቹ ርእስ በባዶ ሳጥን፣ በጥያቄ ምልክት ወይም በማይነበብ የላቲን ፊደል ይታያል፤ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ጊዜ ስለሚበዛም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማጫወቻ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል።

እርስዎ በገለጹት ኮምፒውተር ላይ እኔ የምጭነው ፉባር 2000 የሚባለውን ማጫወቻ ነው። ይሁን እንጂ በስብስብዎ ላይ የሚያዩት ችግር ከማጫወቻው የመጣ አይደለምና፣ ማጫወቻ ብቻ ቢለውጡ ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይከተልዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ፋይሎቹ፣ ቀጥሎ ስለ ማጫወቻው እጽፋለሁ።

የዘፈኑ ርእስ፣ የድምፃዊው ስም፣ አልበሙና ዓመቱ የሚቀመጡት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በራሱ በድምፅ ፋይሉ ውስጥ ሲሆን ታግ ይባላል። ሁለተኛው ማጫወቻው ለራሱ በሚያዘጋጀው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ሳላውቅ በፊት እጠቀምበት በነበረ አንድ ማጫወቻ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ፣ ከ2000 በላይ ለሚሆኑ ዘፈኖች ስም አስተካክዬ፣ ለምወዳቸውም ኮከብ ሰጥቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስም ማጫወቻው ቋቱን ሊከፍተው አልቻለም። የድምፅ ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ደኅና ነበሩ፤ የክረምቱ ድካሜ ግን በሙሉ በቋቱ ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ አብሮት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማጫወቻ ስፈትን የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ ያስተካከልኩትን ሁሉ በራሱ በፋይሉ ላይ ይጽፍልኛል ወይስ አይጽፍልኝም የሚለው ነው። የሚጽፍ ከሆነ ነገ ማጫወቻ ብለውጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ወይም ፋይሉን ለዘመድ በፍላሽ ብሰጥ ስሙ አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ። የኤም ፒ 3 ታግ የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1996 የተዘጋጀ ሲሆን፣ በፋይሉ መጨረሻ ላይ 128 ባይት ብቻ ይይዛል፤ ከዚህም ለርእስ የተመደበው 30 ባይት ነው። የእኛ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ ያ ታግ ሲሠራ ፊደላችን በስሌቱ አልነበረም። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና፣ በዚያ ታግ ላይ ቢጻፍ እንኳ ከ10 ፊደል በኋላ ርእሱ ይቆረጣል። ሁለተኛው ዓይነት ታግ ይህን ገደብ አስቀርቶ የዩኒኮድ ፊደልን ስለሚቀበል፣ አማርኛን ያለ ችግር የምንጽፈው በእርሱ ነው።

እርስዎ የጠቀሷቸው ሦስት ምልክቶች የሦስት የተለያዩ በሽታዎች ምልክት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ካዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት የእኛን ፊደል ስለሚያሳይ፣ ማጫወቻው በሌላ ፎንት እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ ከቅንብሩ ገብተው ወደ ኢብሪማ ቢለውጡት ይበቃል። ቀድሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ እርሱን ከፈለጉ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ያስፈልግዎታል።

የጥያቄ ምልክት በተከታታይ ካዩ ግን፣ ይህን ስጽፍልዎት ቅር ቢለኝም፣ ርእሱ ጠፍቷል። አንድ ሰው በሆነ ጊዜ የእኛን ፊደል በማያውቅ ፕሮግራም ታጉን ሲያስቀምጥ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። በፋይሉ ውስጥ የቀረው የጥያቄ ምልክቱ ብቻ ስለ ሆነ የትኛውም ማጫወቻ አይመልሰውም፤ መንገዱ ዘፈኑን ሰምቶ እንደገና መጻፍ ነው። እኔ ያላወቅኳቸውን ለእናቴ እያሰማሁ ነበር የጻፍኩት፤ ከካሴት የመጡትን ደግሞ የካሴቱ ሽፋን በእጅዎ ካለ ቅደም ተከተሉ ይነግርዎታል።

ሦስተኛው፣ የማይነበብ የላቲን ፊደል፣ አንዳንዴ ይድናል። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ (á) በየሦስተኛው ቦታ እየተመላለሰች ከታየች፣ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩኒኮድ ሆኖ ሳለ እንደ ላቲን ጽሑፍ በስሕተት ተነቧል ማለት ነው፤ የእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው ያቺ ፊደል የምትደጋገመው። ይህን የፊደል ኮዱን፣ ማለትም ባይቶቹ እንደ ፊደል የሚነበቡበትን መንገድ፣ በሚለውጥ የታግ ማረሚያ መመለስ ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ድግግሞሽ የሌለው ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደገና መጻፉ ይቀላል።

ስሞቹን ሲጽፉ አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንዲወስኑ አደራ እላለሁ። ለእኛ ጆሮ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በእኔ ስብስብ ውስጥ ጥላሁን ገሠሠ በንጉሡ ሠ፣ ጥላሁን ገሰሰ በእሳቱ ሰ፣ በላቲንም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ገብቶ፣ አንዱ ድምፃዊ አራት ሰው ሆኖ ተዘርዝሮ ነበር። በአንዱ ስፈልግ የሌላው አይመጣም። ስለዚህ የድምፃውያኑን ስም በአንድ ደብተር ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይመዝግቡ፤ እኔ በካሴቱ ሽፋን ላይ የታተመውን ነው የተከተልኩት። የአባት ስምን የሚያስቀድሙ አንዳንድ የውጭ ዝርዝሮችም ስላሉ፣ ከኢንተርኔት የመጣውን መረጃ ሳያዩ አይቀበሉት።

ፉባር 2000ን የመረጥኩት ለዚህ ሥራ ስለሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ላይ የማይከብድ ማጫወቻ ነው። መቶ ዘፈን በአንድ ጊዜ መርጠው በቀኝ በኩል ባለው የማውስ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ የሚለውን ሲከፍቱ፣ የድምፃዊውን ስም አንዴ ጽፈው ለመቶውም ይሰጣሉ፤ ከላይ ያልኩትን የአራት ሰው ችግር ያቃለልኩት በዚህ መንገድ በአንድ ምሽት ነው። የፋይሉ ስም መጀመሪያ ድምፃዊው፣ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ርእሱ ሆኖ በሥርዓት ከተጻፈም ከፋይሉ ስም እየቆረጠ ታጉን ራሱ ይሞላል። ሲጫን ፖርተብል የሚለውን ምርጫ ከወሰዱ ቅንብሩ ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጦ መክፈት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን ሪፕሌይ ጌይን የሚባለውን የድምፅ መጠን ማመጣጠኛ ነው። ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ የማሲንቆ ዜማ ዝግ ብሎ ይሰማል፤ ቀጥሎ በቅርብ ዓመታት በስቱዲዮ የተቀረጸ ዘፈን ሲመጣ ቤቱን ያናጋዋል። በተለይ ማታ፣ ብርዱ ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል በሚሰበስብበት በእኛ አገር፣ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሪፕሌይ ጌይን እያንዳንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ አዳምጦ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ መደረግ እንዳለበት በታጉ ላይ ይጽፋል፤ ድምፁን ራሱን አይነካውም፤ ስለዚህ ቢያስቀሩት ዘፈኑ እንደ ነበረ ይቆያል። ፉባር 2000 ዘፈኖችን ራሱ እየመረጠ ዝርዝር የሚያወጣበት መንገድም አለው። እኔ በዘውግ መስመሩ ላይ በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት እያልኩ ስለ ጻፍኩ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ በገና የሚለውን ዝርዝር ብቻ እከፍታለሁ፤ አዲስ የበገና መዝሙር ስጨምርም ራሱ ወደ ዝርዝሩ ያስገባዋል።

ጉድለቱ መልኩ ነው። ሲከፍቱት የሒሳብ መዝገብ ይመስላል፤ የአልበም ሥዕል በሰፊው እያዩ መምረጥ ለሚወድ ሰው ያሳዝናል፤ መልኩን ማሳመር ቢቻልም ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ የሚከብድዎት ከሆነ ሚውዚክ ቢ የሚባለውን ይሞክሩ፤ እርሱም በነፃ የሚገኝና በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነው፤ ታግ በማረምም ጎበዝ ነው፤ ሲታይ ያምራል። ኤይ አይ ኤም ፒ የሚባለው ማጫወቻ ደግሞ ቀለል ያለና ኢኳላይዘሩ፣ ማለትም የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያው፣ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቪ ኤል ሲ የተበላሸ ፋይል እንኳ ከፍቶ ስለሚያጫውት ከኮምፒውተሬ አላጠፋውም፤ ነገር ግን 5000 ዘፈን በሥርዓት ለማስተዳደር የተሠራ አይደለም። ድምፁን ከ100 በመቶ በላይ ከፍ ማድረግ መቻሉም ለደካማ ቅጂ ቢረዳም፣ በዚያ ልክ ሲሄድ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ለስፒከርም ጥሩ አይደለም። ዊንዶውስን ትተው በነፃ ወደሚገኘው ወደ ሊኑክስ ከተሻገሩ ስትሮውቤሪ የሚባለው ይበቃዎታል።

ገና ያልተገለበጡ ካሴቶች ካሉዎት አንድ ምክር ልጨምር። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይጎዳልና፣ አንዴ ሲገለብጡ ፍላክ በሚባለው፣ ከድምፁ ምንም በማይቀንሰው ዓይነት ያስቀምጡት፤ ለፍላሽና ለስልክ የሚሆነውን ኤም ፒ 3 ከዚያ ላይ ያውጡ። የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት ወደ 600 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ፍላክ ይህን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። አንዱን ገጽ በአንድ ረጅም ፋይል ቀድተው፣ እያንዳንዱ ዘፈን የሚጀምርበትን ደቂቃ ኪው በሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ቢጽፉ፣ ፉባር 2000 ሳይቆርጠው እንደ ተለያዩ ዘፈኖች ያሳየዋል። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚይዝን ኤም ፒ 3 ወደ 320 መለወጥ ግን የፋይሉን ክብደት እንጂ ጥራቱን አይጨምርም፤ አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም።

ቦታን በተመለከተ ስጋት አይግባዎት። በ128 ኪሎ ቢት አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋ ባይት ስለሚወስድ፣ አራት አራት ደቂቃ የሚሆኑ 5000 ዘፈኖች ወደ 20 ጊጋ ባይት ናቸው፤ ባለ 32 ጊጋ አንድ ፍላሽ ሁሉንም ይይዛል። ታግ መንካት ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ ስብስቡን በዚያ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። የአባትዎ ካሴቶች ያሉበት ነውና ይህን ሳያደርጉ አንድም ፋይል እንዳይነኩ እለምንዎታለሁ።

ከዚያ 50 ያህል ዘፈኖችን ብቻ ወደ አንድ ፎልደር ለይተው ሥራውን በእነርሱ ይጀምሩ። ሳጥኑ፣ የጥያቄ ምልክቱና የላቲኑ ዝብርቅርቅ ከ50ው ውስጥ ስንት ስንት እንደ ሆኑ ቆጥረው ቢጽፉልኝ፣ በተለይም ባለ ጭረቷ ኤ ያለችባቸው ብዙ ከሆኑ፣ ኮዱን የምመልስበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እጽፍልዎታለሁ።