የቴብሎቹን ቦታ መቀያየር ኲሪውን ያፈጥነዋል?

የደንበኞች፣ የትዕዛዞችና የክፍያዎች ቴብሎችን በኢነር ጆይን (የሚዛመዱ ረድፎችን ብቻ በሚያወጣው ማገናኛ) የሚያገናኘው ኲሪህ (ለዳታቤዙ የምትጽፈው ጥያቄ) ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ 9 ሰከንድ ፈጅቶ፣ ትንሹን ቴብል ከፊት አድርገህ ስትጽፈው ወደ 2 ሰከንድ መውረዱን ነግረኸኛል። ቅደም ተከተሉ ነው ወይ ያፈጠነው? ብለህ ጠይቀሃል።

አይደለም ወንድሜ። ሦስት ቴብሎች በ6 መንገድ ይደረደራሉ፤ አንተ የትኛውንም ብትጽፍ ፕላነሩ (ኲሪው በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ የሚወስነው የፖስትግሬስ ክፍል) ወጪያቸውን ገምቶ ርካሹን ራሱ ይመርጣል። ሁለተኛው ሙከራ የፈጠነው መረጃው በመጀመሪያው ተነቦ ሚሞሪ ላይ ስለቆየ ይመስለኛል። የድሮውን አጻጻፍ መልሰህ ሁለት ሦስቴ አስኪደው፤ ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኲሪውን አስኪዶ እንዴት እንደሠራው የሚያሳይህ ትእዛዝ) ላይም ባፈርስ የሚለውን ቃል ጨምርበት። ሂት የሚለው ቁጥር ፖስትግሬስ ከራሱ ሚሞሪ ያገኘውን ገጽ፣ ሪድ የሚለው ከዚያ ውጭ ያነበበውን ያሳይሃል። ሪድ ቀንሶ ሂት ከጨመረ ነገሩ ያ ነው።

ቅደም ተከተል የሚገባበት ጊዜ ግን አለ። ጆይን ኮላፕስ ሊሚት የሚባለው ቅንብር ሳይነካ 8 ነው፤ ጆይን እያልክ የምታያይዛቸው ቴብሎች ከዚያ ካለፉ ፕላነሩ ሁሉንም አማራጭ አይሞክርም፣ የአንተ አጻጻፍ ያስረዋል። ሌፍት ጆይን (የግራውን ቴብል ረድፎች ተዛማጅ ባይኖራቸውም የሚያስቀረው) ላይ ደግሞ ግራና ቀኙን ስታገላብጥ ውጤቱ ራሱ ይለወጣል፤ ለፍጥነት ብለህ እንዳትነካው።

9 ሰከንዱን ያመጣውን ፈልገው። እኔ ቀድሜ የማየው የውጭ ቁልፉን (አንዱን ቴብል ከሌላው ጋር የሚያያይዘውን ዓምድ) ነው። ፖስትግሬስ የውጭ ቁልፍ ስታውጅ በዚያ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (ረድፍን ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫ) አይሠራልህም፤ ማይኤስኪውኤል ከሚባለው ሌላ ዳታቤዝ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ኢኖዲቢ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ክፍል ራሱ ስለሚሠራለት። የጥቂት ደንበኞችን ትዕዛዝ እየፈለግህ ትዕዛዞች ላይ ሴክ ስካን ካየህ፣ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነው። ቀጥለህ እዚያው ኤክስፕሌይን አናላይዝ ላይ የተገመተውንና የተገኘውን የረድፍ ብዛት አስተያይ። ግምቱ 40 ሆኖ የተገኘው 400,000 ከሆነ ፕላነሩ የሚገምትበት ስታቲስቲክስ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ቴብሉ ላይ አናላይዝ የሚለውን ለብቻው የቆመ ትእዛዝ አስኪድ፤ ስታቲስቲክሱን ያድስልሃል። በእንዲህ ያለ ግምት ነው ፕላነሩ ሃሽ ጆይን (አንዱን ቴብል ሚሞሪ ላይ አደራጅቶ ማገናኘት) የሚያዋጣበት ቦታ ኔስትድ ሉፕ (ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላኛውን ቴብል እየደጋገሙ መፈለግ) የሚመርጠው።

ኢንዴክሱን የምትፈጥረው ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ከሆነ ኮንከረንትሊ የሚለውን ቃል አትርሳ። ካልጨመርከው ፈጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ቴብሉ ላይ መጻፍ ይታገዳል፤ ትዕዛዝ የሚመዘግቡት ሠራተኞችም ቆመው ይጠብቃሉ።